ትንሽ ጀልባ ነች፤ ግን ጥሩ ነች

ጃንዋሪ 4፣ እሑድ

አፌን ሳልከፍት እሺ ብለሻል ተባልኩ።

ልጄ ናታሊ ሃምሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው ብላ ካሪቢያን ውስጥ በሚዞር ትልቅ መርከብ ላይ ቦታ ከያዘችልን ቆይታለች። ለትልቁ መርከብ ተስማምቻለሁ። ፎቶውን አይቻለሁ፤ ፎቅ አለው፣ ሊፍት አለው፣ ምግብ ቤት አለው፤ እዚህ ኦስሎ፣ ቬስትሊ ከምኖርበት ሕንጻ ይበልጣል። ይሄ ከተማ እንጂ መርከብ አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

ዛሬ ከቸርች በኋላ መጥታ ሶፋው ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። መርከቡ አንድ ደሴት ላይ ሙሉ ቀን ስለሚቆም የምንውልበትን መምረጥ አለብን አለች። የአውቶቡሱ ጉብኝት ሞልቷል። አንድ ትልቅ ጀልባ አለ፤ ሙዚቃ፣ ጭፈራ፣ እስኪበቃሽ ድረስ መጠጥ። "አንቺ እዚያ መሃል ቁጭ ብለሽ ስትጸልዪላቸው ታየኝ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሌላ ፎቶ አወጣች። ነጭ ሸራ፣ ከአሥር ሰው የማያልፍ ነገር፣ ዙሪያው ውኃ ብቻ።

"ትንሽ ጀልባ ነች፤ ግን ጥሩ ነች" አለች።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

"ሱፐር!" አለችና ተጫነችው።

የእኛ ሰው አዎ ሲል ትንፋሹን ሳብ ያደርጋል። እዚህ አገር ስመጣ ከሁሉ በፊት ደስ ያለኝ ኖርዌጂያኖቹም እንዲሁ ማለታቸው ነው፤ በተለይ የሰሜኖቹ። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ያሉ አንዲት የትሮምሶ አሮጊት "ሾርባ ልጨምርልዎ?" ስላቸው ህእ! ይላሉ፤ ቁርጥ ሆሳዕና ያለችውን አክስቴን። ልጄ ከሁለቱም ወገን የለመደችው ይህንኑ ነው። ታዲያ መደንገጤን በምን ትወቀው?

ልናገር ስል ፊቷን አየሁት፤ በርቷል። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ።

ጃንዋሪ 6

ነገ እነግራታለሁ። ዛሬ ሥራ ነበርኩ። መንገዱ ሁሉ በረዶ ግግር፤ እንደ ሽማግሌ እየተንፏቀቅኩ ገባሁ።

ጃንዋሪ 8

ደወልኩላት። ኦከርን ሰፈር ግንባታው ላይ ናት፤ መሐንዲስ ከሆነች ገና ዓመቷ ነው፤ ከጀርባዋ መዶሻው ያስተጋባል።

"ናታሊዬ፣ ያ ጀልባ እኮ…"

"ማማ፣ አታስቢ! የቀረው የሁለት ሰው ቦታ ብቻ ነበር፤ ይዤዋለሁ!"

"ጎበዝ" አልኳት።

ጎበዝ! ምላሴን ምን ነካው?

ጃንዋሪ 10

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ውኃ የማውቀው በባልዲና በዝናብ ነው። ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል? የቸርች ሰዎች በበጋ በፌሪ ወደ ደሴቶቹ ሲሻገሩ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ ብዬ ወደቡ ላይ እቀራለሁ። ድሮ አብሬ እሄድ ነበር፤ በኋላ ተውኩት። ያቅለሸልሸኛል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ጃንዋሪ 14

ለጸዳለ ነገርኳት። ጸዳለ የሥራ ባልደረባዬም የቸርች እኅቴም ናት፤ ሳታስብ ትናገራለች፣ ተናግራ ታለቅሳለች። አንሶላ እያጣጠፍን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች።

"ጉድ እኮ ነው! ሐበሻ ወድዶና ፈቅዶ፣ ለመዝናናት ትንሽ ጀልባ ላይ ይወ…"

አልጨረሰችውም። አንሶላውን ለቀቀችና አቀፈችኝ። "አፌ ይቆረጥ፤ ይቅር በይኝ፣ ብርኔ።"

"ምኑን?" አልኳት። አንሶላውን ከመሬት አንሥቼ ወደ ማጠቢያው መለስኩት።

በቃሉን አስባ ነው። በቃሉ የመጨረሻው ታናሼ ነው፤ እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግሁት። ከሊቢያ ደውሎልኝ ነበር። ናታሊ ያኔ ተማሪ ነበረች፤ አሁን ደመወዝተኛ ሆናለች። ስደርስ እደውላለሁ ብሏል። አባቴ በቃሉ ብሎ ስም ያወጣለት እንዲያው አይደለም። ጣልያን ስልክ የሚነጥቁ ካምፖች አሉ ይባላል። ስሙን ቀይሮ የሚኖር ሰው ሞልቷል። ጠፋ የተባለ አንድ የወላይታ ልጅ ከስንት ዓመት በኋላ ማልታ ተገኝቷል፤ ይህን የነገረኝ ሰው ነው፣ ወሬ አይደለም።

ደግሞ መርዶ አልመጣም። መርዶ ያልመጣለት ሰው በሕይወት አለ።

ጃንዋሪ 18፣ እሑድ

በሩን ቆልፌ ነው የምጽፈው።

ከአምልኮ በኋላ ኮቴን ለመውሰድ ወደ መተላለፊያው ወጣሁ። ከኮቶቹ ወዲያ ናታሊና ጋሽ ዘካርያስ ቆመው በሹክሹክታ ይነጋገራሉ። ጋሽ ዘካርያስ የቸርቹ ሽማግሌ ናቸው፤ አልናብሩ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ። እንደሳቸው ያለ ደግ አላውቅም፤ ነገር ግን ኦስሎ ያለ ሐበሻ በጠዋት በሩን ከፍቶ ጋሽ ዘካርያስን ካየ መልሶ ሊዘጋው ይቃጣዋል። መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸውና።

"ጠዋት ይሻላል፤ ከቤት ሳትወጣ" ትላለች ልጄ።

"ለሥራ ቦታዋስ ተነግሯል?"

"ያ፣ አዎ፤ ለሼፏ፣ ለአለቃዋ ነግሬያለሁ። ጸዳለም ሰዎቹን ትሰበስባለች።"

ኮቴን ትቼ ተመለስኩ። ብርዱን ያወቅሁት የቲባነው፣ የምድር ባቡሩ ጣቢያ ስደርስ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ጃንዋሪ 19

እማዬ ትሆን ብዬ ሆሳዕና ደወልኩ። ራሷ አነሣች፤ ድምጿ እንደ ደወል ነው። ጎረቤቷ ስለነቀለባት አጥር ስትራገም ቆየችና እንደ ሁልጊዜው ጠየቀች፤ "በቃሉ ደወለ?"

"ሥራ በዝቶበት ይሆናል" አልኳት፣ እንደ ሁልጊዜው።

እንግዲህ እማዬ አይደለችም። ናታሊ ደህና ናት። አባቷም ቤርገን ከአዲሷ ሚስቱ ጋር እየወፈረ ነው። የቀረኝ ሰው ማን ነው?

አልጽፈውም።

ጃንዋሪ 23

ዘዴ አግኝቻለሁ። መርዶ የሚመጣው ቤቱ ላለ ሰው ነው። ስለዚህ ሳይነጋ እወጣለሁ። ቲባነው የሚነሣው ከእኛው ቬስትሊ ስለሆነ ባዶውን አገኘዋለሁ፤ ጥግ ይዤ ከተማውን አቋርጬ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ሥራዬ ሲደርስ እወርዳለሁ። ስልኬንም አጠፋዋለሁ። ባለፈው አንድ ሰካራም "አንቺም ቤት የለሽም?" አለኝ። "አለኝ፤ እሱ ነው ችግሬ" አልኩት።

ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባይ እስቅበት ነበር። እኔን ግን አያስቀኝም። ጨለማው ውስጥ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ወደ ሕንጻችን ሲመጣ ባየሁ ቁጥር ዞሬ ወደ ጣቢያው እመለሳለሁ።

ጃንዋሪ 29

አለቃዬ ኤሊ ትባላለች። ስሟ ነው እንጂ ኤሊ እሷስ አይደለችም፤ ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ ነው የምትጨርሰው። ዛሬ ግን ቆማ ትከሻዬን ያዘችኝ። ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ሥራ እንዳልገባ፣ ሰው እንደተካችልኝ ነገረችኝ። "ሁላችንም እናስብሻለን" አለች፤ ዓይኗ ረጠበ።

ኖርዌጂያን አለቃ ያለ ነገር ትከሻ አይዝም።

ፌብሩዋሪ 3

ናታሊ ዋና ልብስ ገዝታልኝ መጣች። እኔ ዋና ልብስ! አልጋው ላይ ዘርግተን ተያየን።

"ማማ፣ አር ዱ ሬድ? ፈርተሻል እንዴ?"

"ኔይ" አልኳት። በኖርስክ፣ በአገሩ ቋንቋ ስዋሽ ይቀናኛል።

"ከፈራሽ ጀልባዋን እተዋታለሁ። ግን የሕይወት ጃኬት ይሰጡናል፤ ሬድኒንግስቬስት።"

ኖርስክ እየተማርኩ ሳለሁ ሬድና ሬደ ይምታቱብኝ ነበር፤ አንዱ ፈራ ነው፣ ሌላው አዳነ። መምህሯን "አድኚኝ" ልላት ፈልጌ "ፈሪ" እላታለሁ። ዛሬም አልለየሁትም።

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር እኮ። እተዋታለሁ ብላኛለች፤ "ተያት" ማለት ብቻ ነበር። ግን ለምን? ብላ ትጠይቀኛለች። እሷ መልስ ሳታገኝ አትለቅም። የለምኑ መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ እሱን በአፌ ካወጣሁት እውነት ይሆናል፤ እውነት ከሆነ እማዬ ልትሰማው ነው። ስለዚህ የዋና ልብሱን አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ፌብሩዋሪ 8፣ እሑድ

ጸዳለ ከቸርች ስንወጣ ክንዴን ያዘች። "ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነሽ አይደል? የትም እንዳትሄጂ።"

"በረራችን ቀን ላይ ነው። ምነው?"

"ምንም። ልሰናበትሽ ብዬ ነው።" ዓይኔን አላየችም። ጸዳለ ዓይኔን ካላየች አለቀ።

ቅዳሜ ነው ማለት ነው። የልደቴ ቀን። ከዚያም ወደ ጀልባው። ልጄ ለምን ያንን ቀን መረጠች? አርድተውኝ፣ ከዚያ ይዛኝ ልትሄድ ነው፤ ሰው በሐዘን ብቻውን አይተውም።

ፌብሩዋሪ 11

የቤቱን ወለል ፈተግሁ። መጋረጃ አጠብሁ። ከላይ ፎቅ ከምትኖረው ጎረቤቴ ወንበሮች ተዋስኩ። "ድግስ አለ?" አለችኝ። ወንበሩን ለምን እንደምወስድ እኔም አልገባኝም፤ "አዎ" አልኳት።

ፌብሩዋሪ 13

ልብስ በሻንጣ። ፓስፖርት። ሆዴ ባዶ፣ ምግብ አይወርድም።

ልሽሽ? ቲባነው ሳይጀምር ቢመጡስ?

በቃሉ፣ ዛሬ ብትደውል። ለአንድ ደቂቃ። "ደርሻለሁ" በልና ዝጋው።

ፌብሩዋሪ 14፣ አውሮፕላን ውስጥ

ናታሊ አጠገቤ ተኝታለች። እስክትነቃ ልጻፈው።

ደወሉ ሲጮህ ጨለማ ነበር። ለባብሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር የጠበቅሁት። በሩን ከፈትኩ። ደረጃው ላይ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም በጥቁር የክረምት ካፖርት፣ ማንም አይናገርም። ከፊት ጋሽ ዘካርያስ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

እነሱ ዝም አሉ፤ እኔ ግን አልቻልኩም። "ወንድሜን! በቃሉዬን! ወንድሜን!" ብዬ የጫማው መደርደሪያ ላይ ወደቅኩ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእኔ መውጣቱን አላምንም። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ።

"ልደት ነው!" ትላለች ጸዳለ ከላዬ ወድቃ። "ልደት ነው ብርኔ! ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም!"

ቀና ስል ልጄ ከሰዎቹ ኋላ ቆማለች፤ በእጇ ሻማው የበራ ኬክ፣ ኬኩ ላይ ትንሽ የኖርዌይ ባንዲራ። ልትዘፍን የከፈተችው አፏ እንደተከፈተ ቀርቷል።

ናታሊን ምን እላታለሁ? ኖርዌጂያን የልደቱን ሰው ሳይነጋ ከአልጋው የሚቀሰቅሰው በኬክና በዘፈን ነው። እሷ የጓደኞቿ ቤት ስታድር ያየችው ይህንን ነው። በረራችን ቀን ላይ ስለሆነ ከጠዋት ሌላ ጊዜም አልነበረም። ዘፈኑን እስክታስጀምር ዝም በሉ ያለቻቸውም እሷ ናት። ጸዳለ "ጠዋት አይሆንም፣ ለሐበሻ ጠዋት ሌላ ነው ብያት ነበር" እያለች ትምላለች። ጋሽ ዘካርያስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ያዙ። "እኔን ብሎ ልደት አክባሪ! ይሄን ፊት ይዤ!" አሉ።

ከዚያ ሁሉም ገብቶ ኬክ በላ። የተዋስኳቸው ወንበሮች ልክ በቁ። ጸዳለ ወንበሮቹን ቆጥራ እኔን አየችኝ። "ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለች ቀስ ብላ። ኬክ ጨመርኩላት።

አየር ማረፊያው ላይ ናታሊ "ማማ፣ ለምንድን ነው እሱን የጠራሽው?" አለችኝ።

"ደንግጬ ነው።"

ፓስፖርቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቆይታ "ጀልባዋን ልሰርዛት" አለች።

"አትሰርዣት፤ እንሄዳለን" አልኳት። ለምን እንዳልኩ ልጻፈው። ማንም አልሞተም ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ጮኼ የማላውቀውን ጩኸት ጮኼ ደረቴ ቀሎኝ ነበር፤ መልሰው ዘጉብኝ። ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ፤ ጋሽ ዘካርያስ አይመጡም። ማንም አይመጣም። የሚያውቅ ሰው ከሌለ ማን ያረዳኛል?

ፌብሩዋሪ 16

ትልቁ መርከብ እውነትም ከተማ ነው። ሰው ይበላል፣ ሰው ይተኛል። እኔ መስኮቱን በመጋረጃ ሸፍኜ ተቀምጫለሁ። ናታሊ አትቆጣም፤ እንደ በሽተኛ ታየኛለች። ጀልባዋ ከነገ ወዲያ ናት።

ፌብሩዋሪ 18

ወጣሁበት።

ወደቡ ላይ እግሬ አልነቀል አለ። ጀልባዋን የሚነዱት ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ናታሊ ከኋላ ያዘችኝ። ተሳፋሪዎቹ እየሳቁ ፎቶ ይነሣሉ። ጃኬቱን እስከ አንገቴ አጥብቄ አሰርኩት። እግሬን ሳሳርፍ ወለሉ እሺ አላለኝም፤ ተንገዳገደ። ኢየሱስ ብዬ ጮኽኩ። አንዲት ሴትዮ አጨበጨበችልኝ።

ሞተር ነበራት፤ ትንሽ ሄደን አጠፉት። ሸራው ሲነፋ ድምፅ የሚባል ነገር ጠፋ። ይህን ሁሉ ዘመን በሕልሜ የምሰማው ጩኸት ነበር፤ የሰው ጩኸት፣ የሕፃናት። እዚህ ግን ውኃው የጀልባዋን ጎን ሲዳብስ ብቻ ነው የሚሰማው። ዝምታው ባሰብኝ። እጄን ከእንጨቱ ላይ ማላቀቅ አቃተኝ። ውኃው ያን ያህል ቅርብ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እጅ ቢሰዱ ይነካል። ከጀልባዋ ጠርዝ የሚበልጥ ማዕበል ቢመጣ በምን ይመለሳል? አሥር ለማይሞላ ሰው እንኳን ጠባብ ናት። እነሱ ስንት ሆነው ነበር?

"ማማ" አለች ናታሊ። የራሷን ጃኬት ማሰሪያ ትፈታለች፣ ታስራለች። "ያኔ የደወለልሽ ቀን ሶፋው ላይ ነበርኩ። የቤት ሥራ እየሠራሁ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር።"

ወደ እሷ ዞርኩ።

"ትንሽ ጀልባ ነች፤ ግን ጥሩ ነች አሉን አለሽ። በዚያን ቀን አንቺ ከጮኽሽ ጀምሮ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ያንን አማርኛ ከየት እንዳመጣሁት አላወቅሁም ነበር። ከእሱ ነው።"

ልጄ አማርኛ የተማረችው ከእኔ ስልክ ነው። አጎት፣ አክስት፣ አያት፣ ሁሉንም የምታውቃቸው በድምፅ ነው። የእሱም ቃል እሷ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል።

"አናድድሻለሁ ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም" አለች። ዕንባዋ እየወረደ ነው። "በቃሉ ሞቷል፣ አይደል?"

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

በዚህኛው ጊዜ በትክክል ሰማችኝ። ጃኬቶቻችን እየተጋጩ ተቃቅፈን አለቀስን፤ እኔ ድምፅ አውጥቼ፣ እንደ አገሬ፣ ስሙን እየጠራሁ። ተሳፋሪዎቹ ፎቶውን ተዉት። አዛውንቱ አንድም ነገር ሳይጠይቁ ሸራውን አላልተው ጀልባዋን ቀስ አደረጓት። ውኃውን በእጄ ነካሁት። ሞቃት ነበር።

ፌብሩዋሪ 24፣ ቬስትሊ

በረዶው እንዳለ ነው። ወንበሮቹን አልመለስኩም፤ ዛሬ ማታ ሰው ለለቅሶ ይቀመጥባቸዋል። ጸዳለ ሾርባ ይዛ ትመጣለች።

አሁንም እፈራለሁ፤ እንዲያውም ከጀልባው ይልቅ ይህ ያስፈራኛል። እማዬ ትናንት ደውላ "በቃሉ ደወለ?" ስትለኝ ሥራ በዝቶበት ነው ማለት አቃተኝና መሥመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁባት። ሁለተኛ እንዲያ አላደርጋትም። ልጇን ልታለቅስለት ይገባል፤ እሷም ጎረቤት፣ ድንኳን፣ አልቃሽ ይገባታል።

ጋሽ ዘካርያስ ጋ ደወልኩ። ከሥራ ወጥተው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲያለቅሱ ሰማኋቸው።

"ሆሳዕና ያሉትን ሽማግሌዎች አውቃቸዋለሁ፤ እነሱን እልካለሁ" አሉኝ። "ወደ እናትሽ መቼ ይሂዱ?"

"ጠዋት ይሁን" አልኳቸው። "ከቤት ሳትወጣ።"